ብቅ ባይ መስኮት በንግድ ድረ ገጽ ላይ የሚጠቅምበትና የሚጎዳበት ሁኔታ

ዕቃውን በድረ ገጽ ለማስተዋወቅ የተነሣ ነጋዴ፥ ገጹን ከሚሠራለት ባለሙያ ጋራ ሲነጋገር አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም «ብቅ ባይ መስኮት ይኑረው ወይስ አይኑረው?» የሚል ነው። ብቅ ባይ መስኮት ማለት ደንበኛው አንድ ገጽ በማንበብ ላይ ሳለ ሳይጠራው ከፊቱ ተዘርግቶ የሚያነበውን የሚሸፍን ሰሌዳ ነው። ብዙዎች ነጋዴዎች «ይኑረው» ብለው በቶሎ ይመልሳሉ፤ ማስታወቂያ በበዛ መጠን ገበያው የሚሰፋ ይመስላቸዋልና። ነገሩ ግን ጥቂት ማሰብን ይጠይቃል።

የመስኮቱ አመጣጥ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ኤታን ዙከርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት፥ ሰዎች የየራሳቸውን ገጽ በነጻ በሚያዘጋጁበት ትራይፖድ በሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። የድርጅቱ ገቢ ከማስታወቂያ የሚገኝ ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውር ከሰፈረበት ገጽ ላይ ወጥቶ ስላገኘው እጅግ ተቆጣ። ስለዚህ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት ዙከርማን ፕሮግራሙን ጻፈ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ታሪኩን ገልጾ ስለ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል። መስኮቱ እንግዲህ የተፈጠረው የማስታወቂያ ከፋዩን ቅሬታ ለማብረድ እንጂ አንባቢውን ለመጥቀም አልነበረም።

አንባቢውም አልታገሠውም። ኦፔራና ሞዚላ የተባሉት ብራውዘሮች ያልተጠራ መስኮትን መከልከል ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ማይክሮሶፍት ይህንኑ መከላከያ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ጨመረ። ማስታወቂያ ሠሪዎች በዚህ ጊዜ ዘዴ ለውጠው መስኮቱን በገጹ ውስጥ ይሥሉት ጀመር፤ ዛሬ በየድረ ገጹ የሚታየው አብዛኛው የዚህ ዐይነት ነው። ጉግልም በበኩሉ ከጃንዋሪ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፥ ከፍለጋ ወደ ገጹ የሚመጣውን የእጅ ስልክ ተጠቃሚ ጽሑፉን የሚጋርዱበት ገጾች በፍለጋ ውጤት ወደ ታች ሊወርዱ እንደሚችሉ ደነገገ። ሕግ የሚያስገድደው ማስታወቂያ፥ የመግቢያ ቃል መጠየቂያና ጥቂት ቦታ ብቻ የሚይዝ ሰሌዳ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው።

ጉዳቱ በንግድ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት አንድ ቡና ላኪን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በሐምቡርግ የሚገኝ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው የታጠበ ይርጋጨፌ ፈልጎ የላኪውን ገጽ ይከፍታል። ሊያውቅ የሚሻው ደረጃውን፥ የምርት ዘመኑን፥ ስንት ባለ 60 ኪሎ ከረጢት እንዳለና ናሙና እንዴት እንደሚላክ ነው። ገጹ እንደ ተከፈተ «ኢሜይልዎን ይስጡን፤ ዜና እንልክልዎታለን» የሚል መስኮት ይጋርደዋል። ያንን ሲዘጋ «እናነጋግርዎ?» የሚል ሌላ ይመጣል። ቡናውን ገና ያላየ ሰው ስለ ቡናው ዜና ለምን ይፈልጋል? በመርካቶ መንገደኛውን ገና ከሩቅ ክንዱን ይዞ ወደ ሱቅ የሚጎትት ሻጭ ምን ያህል ገዢ እንደሚያሸሽ የሚያውቅ ነጋዴ፥ በድረ ገጹ ላይ ያንኑ ሲያደርግ አለመታዘቡ የሚያስገርም ነው።

በእጅ ስልክ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። የመዝጊያዋ ምልክት ትንሽ ከመሆኗ የተነሣ ጣት ይስታታል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ደግሞ መስኮቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ፥ ደንበኛው «ዋጋ» የሚለውን ልጫን ሲል በመካከሉ ብቅ ያለውን ማስታወቂያ ይጫናል። ሻጩ ይህን በመዝገቡ ላይ ሲያይ ማስታወቂያው የተወደደለት ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል መስኮቱ ፈጽሞ ይጥፋ ማለት አይደለም። የሚጠቅምበት ስፍራ አለው፤ እርሱም ደንበኛው ራሱ የጀመረውን ሥራ በሚነካ ጊዜ ነው። ገዢው 10 ካርቶን ሊያዝ አስቦ በስሕተት 100 ቢጽፍ፥ ትእዛዙ ከመተላለፉ በፊት መጠኑንና ጠቅላላ ዋጋውን አሳይቶ «ይህ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት ሁለቱንም ወገኖች ከክርክር ያድናል። ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ሲል፥ ወይም የተሞላው ቅጽ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ሲልም እንዲሁ ነው። ሆኖም በየእርምጃው «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ገጽ ሰውን ሳያነብ «አዎን» ማለትን ያስለምደዋል፤ የክምር ወረቀት ሳያይ ማኅተም እንደሚመታ ጸሐፊ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ለማይመለስ ነገር ብቻ ሊጠበቅ ይገባል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የባንክ መክፈያውን ገጽ ወይም ደረሰኙን በተለየ መስኮት የሚከፍት ድረ ገጽ፥ በብራውዘሩ መከላከያ ሊታገድ ይችላል፤ በተለይም መስኮቱ ደንበኛው ቁልፉን እንደ ተጫነ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ የሚከፈት ከሆነ። ደንበኛው ምንም ነገር ስለማያይ ትእዛዙ ያልተላለፈ መስሎት ደግሞ ይጫናል፥ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። መክፈያውም ደረሰኙም በዚያው ገጽ ላይ ቢከፈቱ ይህ አይደርስም።

የፈቃድ መጠየቂያው መስኮት የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ደንብ፥ በኅብረቱ ውስጥ ላሉ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርበውን የውጭ አገር ድርጅትም ይመለከታል። «እቀበላለሁ» የሚለውን በጉልህ ጽፎ «አልቀበልም» የሚለውን በሦስት ገጽ ውስጥ መደበቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ በጃንዋሪ 2022 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኩኪን አለመቀበል እንደ መቀበል ቀላል አልሆነም ሲል በጉግል ላይ 150 ሚሊዮን፥ በፌስቡክ ላይ 60 ሚሊዮን ዩሮ መቀጮ መጣሉን አስታውቋል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፥ የደንበኛን ስምና ስልክ በመስኮት የሚሰበስብ ሱቅ ለምን እንደሚሰበስብ ማወቅና መግለጽ ይኖርበታል።

ድረ ገጹን ከባለሙያው ለመረከብ የሚዘጋጅ ነጋዴ፥ በመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይቶ አይፈርም። ገጹን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ አንድ ሠራተኛ ዋጋው ባልበዛ የእጅ ስልክ፥ በሞባይል ዳታ ከፍቶ የአንዱን ዕቃ ዋጋ እንዲፈልግ ይዘዘው። ሠራተኛው ዋጋው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንድ መስኮት እንኳ ለመዝጋት ከተገደደ፥ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ባለሙያው እንዲያነሣው ይነገረው።