ወደ ስሜን ለምትወጪው ልጄ

ልጄ፣ ከመስቀል በኋላ ከጓደኞችሽ ጋር ስሜን ወጥታችሁ በእግር ልትጓዙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ባሌ ልትዘልቁ እንዳሰባችሁ ሰማሁና ደስ አለኝ። በእኔ ወጣትነት ለመንሸራሸር ብሎ ያን ተራራ የሚወጣው ፈረንጅ ነበር፤ እኛ ጓዙን በበቅሎ ጭነን ከኋላ እንከተል ነበር። አሁን የአገሬው ልጅ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጉልበቱ አገሩን ሊያይ ሲነሣ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ደባርቅ ተወልጄ ዕድሜዬን በዚያ መንገድ ስለፈጀሁ የምነግርሽ አለኝ። ሁሉንም በቃልሽ ያዢ አልልም፤ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ግን አትርሺብኝ።

፩. አገሩ በምን ዋጋ እንደቆየ እወቂ።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ላሊበላም አብራ ገባች። ኋላ ዋልያው እየሳሳ፣ እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየገፋ ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ተጻፈ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በመካከሉ ብዙ ተሠርቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የግጭ ሰዎች ነገር ነው። ግጭ በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ገብስ እየተዘራ፣ በግና ከብት እየረባ ትውልድ የተተካካበት መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። ከዚያ በፊትም፣ በደርግ ዘመን፣ ከስሜን ገደል ግርጌ የተነሡ መንደሮች አሉ። የግጭ ሜዳ እንዴት እንዳገገመ አይቻለሁ፤ በከብት ኮቴ ተልጦ የነበረው መሬት ዛሬ ጓሳ ለብሷል። ገበሬው ምን እንዳጣም አይቻለሁ፤ የእርሻ ሰው ከተማ ገብቶ ሥራ ሲፈልግ ማየት ቀላል አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትጣዪ። አንቺ ለሦስት ቀን የምትደሰቺበት ሣር ሌላው ዕድሜ ልኩን ከብት ያሰማራበት ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

፪. ተራራውን አትሽቀዳደሚው።

ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ግድም ናት። ከማደሪያዎቹ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው፤ የቧሂት ተራራ ከ4,400 በላይ ነው፤ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ያልፋል። «አዲስ አበባ ያደግሁ የደጋ ልጅ ነኝ» ብለሽ አትታለዪ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ቢሆን ነው፤ ያ ከባሕር ዳርቻ ከመጣው ሰው ትንሽ ያሻልሽ ይሆናል እንጂ ከከፍታው በሽታ አያድንሽም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣሽ የምትተኚበት ቦታ ካለፈው ሌሊት መኝታሽ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ወጣ ብሎ አይቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት መልካም ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለተኛውን ሳንቃበር እደሪ። ከጎንደር በመኪና ተነሥተው በዚያው ቀን ጨነቅ የሚያድሩ አሉ፤ ሌሊቱን ራሳቸውን ይዘው ሲቃትቱ ያነጋሉ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ባለሽበት ቁሚ፤ እስኪለቅሽ አንድ እርምጃ ወደ ላይ አትሂጂ። ከእናንተ አንዱ ቀጥ ብሎ መራመድ አቅቶት ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረውና ከሳለ ግን መጠበቅ የለም። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን በበቅሎ ጭናችሁ ወደ ታች አውርዱት፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። አሳፍሯቸው ሕመማቸውን የሚደብቁት ብዙ ጊዜ ጠንካሮቹ ናቸው፤ ጉልበት ስላላቸው ቀድመው ይወጣሉ፣ ቀድመውም ይታመማሉ። ስለዚህ በየማታው እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

አረቄ ያሞቃል የሚሉሽን አትስሚ። ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣውና ሙቀት የተሰማሽ ይመስልሻል፤ ሰውነትሽ ግን የያዘውን ሙቀት ለብርዱ እየሰጠ ነው። እንቅልፍንም ያበላሻል። ልብስም እንደዚሁ በማሰብ ነው። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ደግ ነው፤ ከራሰ ግን ሙቀትሽን ይወስደዋል። ሱፍ ቢርስም ያሞቃል። የደጋ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ፤ ባርኔጣ አትርሺ፤ እዚያ ላይ ብርዱ ፀሐይዋን ያስረሳል እንጂ ማቃጠሏን አታቆምም።

፫. ከመንገዱ አትውጪ።

አቋራጭ የምትመስል ቀጭን መስመር ትታይሻለች፤ ከአንቺ በፊት አንዱ ችኩል ወርዶባት ነው። ያ ተዳፋት በአንድ ክረምት የሚወርድበትን ዝናብ አስቢው። ሣሩ በእግር ከተረገጠና አፈሩ ከተገለጠ ጎርፉ መውረጃ አገኘ ማለት ነው፤ በዓመቱ ቦይ፣ ቆይቶ ሸለቆ ይሆናል። አፈር በዚያ ከፍታ ለመተካት ሰው ሊጠብቀው የማይችለው ዘመን ይፈልጋል።

ጅብራንም ተጠንቀቂላት። ያቺ ረጅም ተክል ለብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ትኖርና አንድ ጊዜ አብባ፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። ለፎቶ ብለሽ ብትደገፊባትና ብትሰብሪያት የዘመኗን ሁሉ ድካም ነው የምታስቀሪው።

እሜት ጎጎ ከሚባለው ከፍታ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ራቂ። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ስለሚያለብሰው መሬት የቱ ጋ እንዳለቀ አይታይም። ከቀትር በኋላ ጉም ሲነሣ ዐሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይሽም፤ ያን ጊዜ ባለሽበት ተቀምጠሽ ከፓርኩ አብሮሽ የሚሄደውን ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ ጠብቂ።

፬. እንስሳቱን ተያቸው።

ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ሲነጋጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀኑን ተቀምጦ በጣቱ ሣር ሲነጭ ይውላል። ሰው አይሸሽምና ሰዎች መሐሉ ገብተው ይቀመጣሉ። አንቺ ግን ከመንጋው ራቅ በይ፤ በመንጋውና በገደሉ መካከል ከቶ አትግቢ፣ አደጋ ሲመጣ የሚሸሹት ወደዚያ ነውና። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ «በቃሽ» እያለሽ ነው፤ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ። ምግብ ፈጽሞ አትስጪ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይደፍራል፤ ገበሬውም ድንጋይ ያነሣል።

ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ይባላል፤ ዋልያው ራሱ ግን ከስሜን ገደሎች በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የለም። ጨነቅ አካባቢ በጠዋት ልታዪው ትችያለሽ። ቀና እንዲልልሽ ብለሽ ድንጋይ አትወርውሪ፣ አታፏጪ። ድሮንም አታስነሺ።

፭. እሳት አታንድጂ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ተቃጥሎ ነበር። ጓሳውና አስታው ሲነድ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ኋላም ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። በበጋ ደረቅ ጓሳ ላይ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ይህን ታመጣለች። ምግባችሁን በቡታ ጋዝ አብስሉ። ብርዱ ቢያንገበግባችሁም የአስታ እንጨት አትስበሩ፤ በዚያ ብርድ አስታ የሚያድገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው።

፮. ብስክሌቱን በተመለከተ ብዙ አለኝ።

መጀመሪያ እንጦጦ ተለማመጂ። ሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ሳንባሽም እግርሽም እዚያ ይፈተን። ዳገት መውጣት የጉልበት ነው፤ ሰው የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው። ረጅም ቁልቁለት ስትወርጂ ፍሬኑን ጨብጠሽ አትክረሚ፤ ይግላል፣ ከጋለ መያዝ ያቆማል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግሽ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ቀንሺ። በኮረኮንች ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻውን አትያዢ። ክብደትሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ሳትይዢ አትነሺ፤ እዚያ ጎሚስታ የለም።

ስሜንንም አንድ ቀን በብስክሌት ልየው ካልሽ፣ ከመግባትሽ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት በብስክሌት የት የት መሄድ እንደሚፈቀድ ጠይቂ። በተፈቀደው የመኪና መንገድ ብቻ ሂጂ፤ የእግረኛው ቀጭን መንገድ ለእግርና ለኮቴ ነው። ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ከኋላ ድንገት ሲደርስባት በቅሎ ትደነብራለች፣ ጭነቱም ባለቤቱም ገደል ሊገቡ ይችላሉ። በቅሎ ስታዪ ከሩቅ ድምፅሽን አሰሚ፣ ከብስክሌቱ ውረጂ፣ በተራራው በኩል ተጠግተሽ ቁሚና አሳልፊ። በገደሉ በኩል አትቁሚ፤ ጭነት የያዘች በቅሎ ስፋቷን አታውቀውም፣ ትገፋሻለች።

ባሌ ስትሄዱ ደግሞ ከጎባ ተነሥታችሁ ሳነቴን ታቋርጣላችሁ፤ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሄድና በሪራ አድርጎ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከብርዱ አምባ ወደ ጭጋጋማው ደን የሚወርደው ያ ቁልቁለት የአገራችን ትልቁ ደስታ ነው፤ ወርደሽ ስታዪው ታምኚኛለሽ። ነገር ግን ሳነቴ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። የሚኖሩት በአይጥና በባሌ ብቻ በሚገኘው በትልቁ ፍልፈል ነው። መሬቱ ሁሉ የፍልፈል ጉድጓድ ነው፤ ከመንገድ ወጥተሽ በጎማሽ ስትሄጂበት ጣሪያውን እያፈረስሽ ነው። ርጥብ ሲሆን ደግሞ የጎማሽ ፈለግ ቶሎ አይጠፋም። ቀበሮው የሚያድነው በቀን ነውና መንገድ ሲያቋርጥ ካየሽ ቁሚለት።

ውሻ ከተከተለሽ ዳቦ አትወርውሪለት። ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ቁራሽ ጥለሽ ወደ አምባው የምታስከትይው ውሻ ሞት ይዞ ሊወጣ ይችላል።

፯. ቆሻሻሽን ይዘሽ ውረጂ። የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን። ሶፍትና የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ በፌስታል ቋጥረሽ መልሺ፤ ብትቀብሪው ቁራው ቆፍሮ ያወጣዋል።

፰. ከመነሣትሽ በፊት መንገዱን ጠይቂ።

ያለፉት ዓመታት ለአካባቢያችን ቀላል አልነበሩም። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ላይ ሰላም መሆኑን እዚያው ካለ ሰው በስልክ ሳታረጋግጪ ቲኬት አትቁረጪ፤ ካልሆነ ጉዞውን አቆዪው። ተራራው የትም አይሄድም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉምና ጭቃ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጊዜ ለምለም ነው፣ አደዩም ያኔ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ግን ውኃ የሚያረጋ ነው።

፱. ገንዘብሽ እዚያው ይቅር።

ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪ፣ በቅሎ ጫኝ ሁሉም ደባርቅ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። የተተመነውን ክፈዪ፤ «እኛ እኮ አበሾች ነን» ብለሽ ከዋጋ በታች አትከራከሪ፤ ገንዘቡን የሚቀበልሽም ልጆቹን የሚያሳድግበት አበሻ ነው። ሽሮና በርበሬውን ከአዲስ አበባ ተሸክመሽ አትምጪ፣ ከደባርቅ ገበያ ግዢ። ስካውቱና በቅሎ ጫኙ የሚያድሩበት ድንኳንና የሚበሉት ምግብ መኖሩን ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ተጓዡ በሞቀ የመኝታ ከረጢት ሲተኛ እነሱ አንድ ጋቢ ተከናንበው ያነጋሉ፤ ይህ ነውር ነው፣ የአንቺ ቡድን እንዳያደርገው።

በቅሎሽን የሚስበው ሰው ከግጭ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው እያንዳንዱን ምንጭና ኮረብታ በስሙ ያውቃል፤ የገብሱ ማሳ የት እንደነበር፣ ቤቱ የት ጋ እንደቆመ ሊያሳይሽ ይችላል። ከፈቀደ አዳምጪው፤ ካልፈቀደ አትጨቅጭቂው፣ ሳትጠይቂውም ፎቶ አታንሺው። ሒሳቡን ግን ጉዞው ባለቀበት ቀን በእጁ ስጪው። «አዲስ አበባ ስገባ እልክልሃለሁ» አትበዪ።