ልጅን ለማን አደራ?

በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ሕመም ጸንቶባቸው ለልጅ ልጃቸው ለኢያሱ አልጋቸውን ሲያወርሱ፣ ልጁ አልደረሰምና ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አደረጉለት። ራስ ተሰማ ግን በ1903 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ፣ አረፉ። በቦታቸው ሌላ ሞግዚት አልተተካም። በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚህ ማሳበብ ልክ አይሆንም፤ ይሁንና ያ ጉድለት ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሸመነ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት ኑዛዜም ላይ ሊደርስ ይችላል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለት ኃላፊዎችን ያውቃል፦ አካሉንና አስተዳደጉን የሚጠብቅ አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድር ሞግዚት። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። አባት ቢሞት ሥልጣኑ በሕይወት ላለችው እናት ነው፤ አጎት «የወንድሜ ልጆች ናቸው» ብሎ ቢነሣ እንኳ። በኑዛዜ ሌላ ሰው መሰየም የሚችለው በመጨረሻ የቀረው ወላጅ ነው። ማን እንደሚቀር ስለማይታወቅ ባልም ሚስትም ይናዘዙ፤ ግን በየራሳቸው ወረቀት። በአንድ ሰነድ ላይ የሁለት ሰው ኑዛዜ አይጸናም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። በራስ እጅ የሚጻፈው ምስክር አያሻውም፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ ይጻፋል፣ ኑዛዜ መሆኑን ይናገራል፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያርፍበታል። በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይወድቃል። ሣጥን ውስጥ ቆልፎ መርሳት ስለዚህ አያዋጣም።

እንጦጦ ጸበል ላይ ሳለ ሞት የቀረበው ሰውስ? በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝ ይችላል። ሕጉ የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦታል፤ ስለ ቀብር፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ እና ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ብቻ ነው። ቤት በቃል አይወረስም፤ ልጅ ግን በቃል አደራ ይሰጣል። የሚያስገርም፣ ደግሞም የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ተናዛዡ ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ካለ ግን ቃሉ ይፈርሳልና በጽሑፍ ያድርገው።

ኑዛዜ ባይኖር ሕጉ ወደ አያት፣ ወደ ደረሰ ወንድም ወይም እህት፣ ወደ አጎትና አክስት ይሄዳል፤ እነርሱም ከሌሉ ፍርድ ቤቱ ይመርጣል። እናንተ ስትመርጡ ግን ሰውየውን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከስሙም ቀጥሎ፣ እርሱ ቢሞት ወይም ባይችል የሚተካውን የሁለተኛ ሰው ስም ጻፉ።