በጠመንጃ ላይ ስለሚቀረጽ ምልክትና ቁጥር

ጠመንጃ በአገራችን ለባለቤቱ ክብርና መከታ ሆኖ የኖረ ዕቃ ነው። ነገር ግን ቁጥር የሌለው ጠመንጃ ምስክር አይሆንም፤ ቢሰረቅ ባለቤቱ የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት፥ ወንጀል ቢፈጸምበትም ንጹሕነቱን ለማሳየት ይቸገራልና። ስለዚህ ምልክቱ ስለ ምን፥ የትና እንዴት እንደሚቀረጽ ማወቅ ይገባል።

ኢትዮጵያና ሱዳን ከሌሎች የአካባቢው መንግሥታት ጋራ በሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. በናይሮቢ በፈረሙት ስምምነት መሠረት፥ ማንኛውም ጠመንጃ ሲሠራ የሠሪው ስም፥ የተሠራበት አገርና መለያ ቁጥሩ ይቀረጽበታል፤ ወደ አገር ሲገባም ያስገባው አገርና የገባበት ዓመት ይጨመርበታል። ለምሳሌ ያህል በካርቱም በአል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ጠመንጃ ወድቆ ቢገኝ፥ መርማሪው ይህን ጽሑፍ አንብቦ በመጀመሪያ ሠሪውን፥ ቀጥሎም ያስገባውን መንግሥት ይጠይቃል፤ መዝገቡ በደንብ ተይዞ እንደ ሆነ ከማን እጅ እንደ ወጣ ይገለጽለታል።

የሚቀረጽበት ስፍራም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። አፈሙዝ ይቈረጣል፥ ይለወጣል፤ ሰደፍም ይነቀላል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1998 ዓ.ም. ያጸደቀው ሰነድ፥ ምልክቱ ያለ እርሱ መሣሪያው ሊሠራ በማይችለው በዋናው አካል ላይ እንዲሆን ይላል።

በአሜሪካ በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣውና በኋላ በተሻሻለው ሕግ፥ አፈሙዙ ከ16 ኢንች፥ ይኸውም ከ40.6 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ጠመንጃ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የመንግሥትን ፈቃድ መቀበል፥ ስሙን፥ ከተማውንና መለያ ቁጥሩንም መቅረጽ አለበት። በደንቡም የቁጥሩ ጥልቀት ከ0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ፥ ቁመቱም ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ተወስኗል፤ ጥልቀቱ በቀላሉ እንዳይፋቅ፥ ቁመቱም በግልጽ እንዲነበብ ነው።

ይህ የአሜሪካ ሥርዐት ግን በእኛ አገር ለማንም ፈቃድ አይሆንም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መሥራት የተከለከለ ነውና።

እንግዲህ መሣሪያ በሕግ የያዘ ሰው ሁሉ በፈቃዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋራ አንድ መሆኑን ይመልከት። ቁጥሩ የተፋቀ ጠመንጃ በርካሽ ዋጋ ቢቀርብለትም አይግዛ፤ ከብረቱ ጋራ የማያውቀውን ሰው ደም ይገዛ ይሆናልና።