ዘይት የፈሰሰበትን መሬት በብስባሽና በሁሚክ ስለ ማንጻት

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ በኩል ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ይመላለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ በመንገድ ዳር የተገለበጠ እንደ ሆነ፤ ሾፌሩን ከማዳንና እሳት እንዳይነሣ ከመጠበቅ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የሚቀርበው ለእርሻ ሹም ነው፤ ይኸውም ናፍጣ የጠጣው የገበሬው ማሳ ምን ይሁን የሚል ነው። እንደዚሁም በጋራዥ ግቢ የሚደፋው የተቃጠለ የሞተር ዘይት በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ ወደ ጎመን መደብ ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በደረሰ ጊዜ ሹሙ መሬቱ ሞቷል ብሎ ገበሬውን ከማሰናበቱ በፊት፤ ወይም ደኅና ነው ብሎ እንዲዘራ ከመፍቀዱ በፊት፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቢመረምር ይጠቅመዋል።

ዘይት የአፈሩን ቅንጣት እንደ ሰም ይለብጠዋል፤ ስለዚህ ዝናብ ቢዘንብም ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ አየርም ወደ ሥሩ አይደርስም። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን ዘይቱን ሊበሉ በተነሡ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ዘይት ከሞላ ጎደል ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ስለ ሆነ፤ ለሰውነታቸው የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅንና ፎስፎር ከመሬቱ ይወስዳሉ፤ ለሰብሉም የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቢታይ፤ ከመርዙ ጋራ ረኃብም ይዞታል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚረዳው ነገር ከብስባሽ የሚገኘው ሁሚክ የተባለው ነው። ሁሙስ በላቲን ቋንቋ መሬት ማለት ነው፤ በዚያው ቋንቋ ሰው የሚባልበትም ስም ከዚሁ ሥር የወጣ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ መጻሕፍት ላነበበ ሰውም ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ፍራንዝ ካርል አካርድ የተባለ የጀርመን ኬሚስት፤ በኋላ ከሥራ ሥር ስኳር በማውጣት ስሙ የታወቀው፤ በ1786 በአውሮፓ አቈጣጠር ከረግረግ ብስባሽ በአልካሊ ውሃ ጥቁር ነገር አወጣ። ጽኑ አሲድ በተጨመረበት ጊዜ ወደ ታች የሚዘቅጠው ክፍል ሁሚክ አሲድ ይባላል፤ በአሲድም ቢሆን ሟምቶ የሚቀረው ቢጫማ ክፍል ፉልቪክ አሲድ ይባላል፤ በአልካሊ ጭምር የማይሟማው ሁሚን ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚወጣው ከረግረግ ብስባሽና አየር ነክቶት ከለሰለሰ ቡናማ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ይህም ከሰል ሊዮናርዳይት ይባላል። በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር ሌማንና ክሌበር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፤ ሁሚክ የተባለው በአፈር ውስጥ እንዲሁ የሚገኝ ሳይሆን በአልካሊው ማውጣት የሚፈጠር ነው ብለው ጽፈዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ለእርሻ ሹም ሥራ ግን ይህ ክርክር ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ የሚፈለገው የወጣው ነገር የሚሠራው ሥራ ነውና።

ሥራውም እንዲህ ነው። የሁሚክ ቅንጣት አንዱ ወገኑ ውሃን ይወድዳል፤ ሌላው ወገኑ ውሃን ሸሽቶ ወደ ቅባት ይጠጋል። ስለዚህ እንደ ሳሙና በውሃና በዘይት መካከል ገብቶ ከአፈር ጋራ የተጣበቀውን ዘይት ያላቅቃል፤ ተሐዋስያኑም በቀላሉ ያገኙታል። ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ጽኑ መርዝ ወደ ራሱ ስቦ ስለሚይዝ፤ የዘሩ ሥር በመጀመሪያው ሳምንት እንዳይቃጠል ይከላከላል። እርሳስንና መዳብን የመሰሉ ብረቶችንም ያስራል። ነገር ግን ሁሚክ ራሱ ዘይትን አይበላም፤ የሚበሉት ተሐዋስያኑ ናቸው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ጥቁር ውሃ አንድ ጊዜ ረጭቶ መሬቱ ይነጻል የሚል ነጋዴ ቢመጣ፤ ሹሙ ይህን አስታውሶ የመንግሥትን ገንዘብ ይጠብቅ። እንዲያውም መርዙን አጥብቆ መያዙ አንዳንድ ጊዜ ጉዳት አለው፤ የተያዘው ዘይት ለተሐዋስያኑም ስለማይደርስ በአፈሩ ውስጥ ዘመን ይቈያል።

ተሐዋስያንን መመገብ የሚጠቅም መሆኑ በታላላቅ ጥፋቶች ተፈትኗል። በመጋቢት 1989 በአውሮፓ አቈጣጠር ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች መርከብ በአላስካ ባሕር ዳር ተሰንጥቃ ዘይቷ በፈሰሰ ጊዜ፤ በድንጋያማው ዳርቻ ላይ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ተረጭቶ የዘይቱ መበስበስ መፋጠኑ ታየ። በ1991 በኩዌት ከስድስት መቶ የሚበልጡ የዘይት ጕድጓዶች ተቃጥለው የመጨረሻው በኅዳር ወር ከተዘጋ በኋላ፤ በምድረ በዳው ላይ የዘይት ኩሬዎች ቀሩ። ከእነዚህ በቡርጋን ስፍራ የተወሰደው አፈር ከማዳበሪያ፥ ከብስባሽና ከእንጨት ፍርፋሪ ጋራ ተደባልቆ፤ እየተጠጣና እየተገለበጠ እንዲነጻ ተሞከረ። የኩዌት አሸዋ ብስባሽ የሌለው ስለ ሆነ ከውጭ ማምጣት ግድ ነበር። በደጋው አገር ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ ስለሚቃጠል ችግሩ ከዚያ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ሹሙ የገበሬውን ማገዶ ከመቀማት ይልቅ ወደ ሌላ ምንጭ ቢመለከት መልካም ነው፤ የቡና ገለባ፥ የስኳር ፋብሪካ የማጣሪያ ዝቃጭ፥ የአበባ እርሻ ቅጠላ ቅጠል በሚገኝበት ወረዳ እነዚህን አስቀድሞ አብስብሶ ማኖር ይቻላል።

አደጋው በደረሰ ቀን የሚደረገው ይህ ነው። ከፈሰሰው በታች ቦይ ተቈፍሮ ዘይቱ ወደ ወንዝና ወደ ጕድጓድ ውሃ እንዳይወርድ ይገደብ፤ የቆመው ዘይት በጭድና በሰጋቱራ ይመጠጥ፤ ያም ተለይቶ ይከማች። ቤንዚን የሆነ እንደ ሆነ አብዛኛው ይተንናል፤ እሳቱ ግን እጅግ ያስፈራል፤ በውስጡ ያለው ቤንዚንም የተባለው መርዝ ወደ ጕድጓድ ውሃ ስለሚሰርግ በአቅራቢያው ያለው ውሃ ሳይመረመር እንዳይጠጣ ይከልከል። ናፍጣ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ ወፍራሙ ዘይት ከሁሉ ይዘገያል። አፈሩን ማቃጠልም ሆነ ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍሮ መቅበር አይገባም፤ አየር በሌለበት ዘይቱ ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ይቀመጣልና።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ይሠራ። ለምሳሌ የተበከለው ስፍራ ወርዱ 10 ሜትር፥ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ አፈሩ 20 ሜትር ኩብ፤ ክብደቱም 26 ቶን ያህል ይሆናል። ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ዘይት ቢሆን 520 ኪሎ ዘይት ነው፤ በዚህም ውስጥ 440 ኪሎ የሚያህል ካርቦን አለ። ለመቶ ካርቦን አሥር ናይትሮጅንና አንድ ፎስፎር እንዲሰጥ በብዙ ስፍራ ስለሚመከር፤ 44 ኪሎ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ይህም ከመቶው 46 ናይትሮጅን በሆነው ዩሪያ ሲለካ ከአንድ ኩንታል ጥቂት ያንሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መበተን ተሐዋስያኑን ራሳቸውን ያቃጥላል፤ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ፤ ብስባሹም የያዘው ናይትሮጅን ከሒሳቡ ይቀነስ።

አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አፈር ተደባልቆ፤ በሸራ ወይም በጽኑ ላስቲክ ላይ በዝቅተኛ ክምር ይከመር፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ይገልበጥ። እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፤ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። የሁሚክ ውሃ የሌለው ወረዳ፤ የበሰለ ብስባሽ በአመድ ውሃ አንድ ቀን ዘፍዝፎ ቡናማውን ውሃ ቢያጠልል፤ ደካማም ቢሆን ከዚሁ ወገን የሆነ ነገር ያገኛል። በአፋር ቈላ ባለው ጨዋማ መሬት ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሁሚክን ያዘቅጠዋል፤ በሶዲየም የተሠራው ሁማትም ጨዋማውን መሬት ይብሱን ያበላሸዋል፤ በዚያ በፖታሲየም የተሠራው ይመረጥ፤ አስቀድሞም በትንሽ መደብ ይሞከር።

መሬቱ ጥቁር መሆኑ መዳኑን አያሳይም። ዘይትም ያጠቁራል፤ ዋልካም ብስባሹ ጥቂት ሆኖ ሳለ ጥቁር ነው። ስለዚህ የደረቀ አፈር ላይ የውሃ ጠብታ ይጣል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ቢቆም ቅባቱ ገና አልለቀቀም። ቀጥሎ መቶ የገብስ ፍሬ በዚያው አፈር፤ መቶም በዚያው ማሳ ባልተበከለው አፈር ተዘርቶ የበቀለው ይቈጠር፤ የሥሩም ርዝመት ይተያይ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ገበሬው በመጀመሪያው ክረምት ሣር ይዝራበት፤ ለሰው የሚበላ እህል እንዲዘራ የሚፈቀደው ግን ቤተ ሙከራ የቀረውን ዘይት ለክቶ ሲመሰክር ነው። ይህ እስኪሆን ብዙ ወር፤ ወፍራም ዘይት ከሆነም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፤ ሹሙ ለገበሬው የጊዜውን ርዝመት ከመጀመሪያው ቀን ይንገረው፤ የጠፋውንም ሰብል መጠን በምስክር ፊት ጽፎ ይያዝ፤ ቦቴው ከተነሣ በኋላ ካሳ የሚጠየቅበት ሌላ ማስረጃ ላይገኝ ይችላልና።

የጋራዥ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ከዚህ ይለያል። በሞተር ውስጥ የዋለ ዘይት እርሳስን፥ ዚንክንና ካድሚየምን የመሰሉ ብረቶች ይዞ ይወጣል፤ ተሐዋስያን ዘይቱን ቢጨርሱም ብረቱን ሊበሉት አይችሉም፤ ሁሚኩም የሚያስረው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ስፍራ ገብሱ መልካም ሆኖ ቢበቅልበት እንኳ፤ ብረቱ በቤተ ሙከራ ሳይለካ ጎመንና ሰላጣ እንዲተከልበት አይፈቀድ።