ይቅርታና ዕርቅ አንድ ናቸውን?



በዛሬው ትምህርታችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ የምታስተምረውን በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1981 በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መህመት አሊ አጃ የተባለ ቱርካዊ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስን በሽጉጥ አቆሰላቸው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ይቅር እንዳሉት ተናገሩ። በ1983ም ሮም እስር ቤት ድረስ ሄደው አነጋገሩት። ይቅርታቸው ግን ፍርዱን አልሰረዘም፤ የጣሊያን መንግሥት ምሕረት ያደረገለት በ2000 ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ይቅርታ ቂምን ከልብ ማውጣት ነው፤ ለዚህ ተበዳዩ ብቻውን ይበቃል። ዕርቅ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዳዩ መጸጸት፣ መናዘዝና መካስ አለበት፤ የሰረቀ ይመልሳል፣ ስም ያጠፋ ያድሳል።

ከመካከላችን ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወንድሙ የተገደለበት አለ። ፍትሕ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ወላጆች ሆይ፣ የሆነውን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ቂሙን ግን አታውርሷቸው።

የመወያያ ጥያቄ፦ በዳዩ ሳይጸጸት ይቅር ማለት ይቻላልን? መታረቅስ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።