የጓደኛን ውሻ «ለጥቂት ቀን» ከመቀበላችሁ በፊት



ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት፣ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ወደ ጎን ጠራኝ። «ጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት ሊጓዝ ነው፤ ውሻውን ጋራዣችን ውስጥ አስቀምጥልኝ አለኝ። ችግር አለው?» የነጃሳ ጥያቄ መስሎኝ «ኡስታዙን ጠይቅ» ልለው ስል ፎቶውን አሳየኝ። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ደረቱ ወፍራም፣ ቁመቱ ከጓደኛው ጉልበት በላይ ነው። ኤክስ ኤል ቡሊ። «ፈቃድ አለው?» ስለው «የምን ፈቃድ?» አለኝ።

እኔ መሐንዲስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ደንብ ማንበብ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ማታ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩት። ከዚህ በታች ያለው ለእንግሊዝና ለዌልስ የሚሠራ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ቀነ ገደቦች አሏቸው።

የአደገኛ ውሾች ሕግ የወጣው በ1991 ነው። በዚያው ዓመት በብራድፎርድ ከተማ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በውሻ ክፉኛ ተነክሳ አገሩ በሙሉ ተቆጥቶ ስለነበር ሕጉ የጸደቀው በጥድፊያ ነው። መጀመሪያ የተከለከሉት አራት ዓይነት ናቸው፦ ፒት ቡል ቴሪየር፣ ጃፓኒዝ ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖ እና ፊላ ብራዚሌይሮ። በ2023 መጨረሻ ኤክስ ኤል ቡሊ ተጨመረ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወረቀት እሱን መያዝ ወንጀል ነው።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ድቅል ነው፤ እናቱ ሌላ ዘር ናት» ይላሉ። ሕጉ ግን የዘር ሐረግ አይጠይቅም፤ የሚያየው መልክና መጠን ነው። ያደገ ወንድ ኤክስ ኤል ቡሊ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ51 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ48 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፤ ከዚያ የጭንቅላቱ፣ የደረቱና የእግሩ ቅርጽ ይታያል። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ «ከተከለከለው ዓይነት አይደለም» ብሎ ማስረዳት የተከሳሹ ሸክም ነው። በሌላ ወንጀል የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ ስለዚህ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ፈቃድ ያለው ሰውም እንደፈለገ አይሆንም። ውሻው መኮላሸት፣ ማይክሮቺፕ ማስገባት፣ ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ከቤት ሲወጣ ሁልጊዜ አፉ እንዳይነክስ ተሸብቦ፣ ገመዱን ዕድሜው ከ16 ዓመት ያላነሰ ሰው መያዝ አለበት። መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለ ውሻም በሕዝብ ቦታ እንዳለ ይቆጠራል። የሚኖረው ፈቃዱ በተሰጠው ሰው አድራሻ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ማደር የሚችለው በ12 ወር ውስጥ እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። መሸጥ፣ በስጦታ መስጠት፣ ማራባት፣ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ። ሕጉ የሚከለክለው ባለቤት መሆንን ብቻ ሳይሆን በእጅ ማቆየትንም ነው። ፈቃድ የሌለውን ውሻ ለሁለት ሳምንት ያስጠጋ ልጅ «የእኔ አይደለም» ቢል አያድነውም፤ ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ጣራ የሌለው የገንዘብ ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም ነው። ሥራ ስትፈልጉ የሚታይ የወንጀል መዝገብም ይከተላል። ውሻው ማንንም ባይነክስ እንኳ ፖሊስ ሊወስደው ይችላል።

ሌላው የሕጉ ክፍል ማንኛውንም ውሻ ይመለከታል፤ ትንሿን ለስላሳ ውሻ ጭምር። ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሰውን ቢያስፈራ፣ ማለትም «ሊነክሰኝ ነው» ብሎ በቂ ምክንያት ኖሮት ቢሰጋ፣ ወንጀል ነው። ከ2014 ጀምሮ ይህ በግል ቤትና ግቢ ውስጥም ይሠራል፤ ፖስታ ያመጣው ሰው በራችሁ ላይ ቢነከስ ያስጠይቃል። ሰው ከቆሰለ እስከ 5 ዓመት፣ ከሞተ እስከ 14 ዓመት ያሳስራል። ተጠያቂው ደግሞ ባለቤቱና በዚያች ሰዓት ውሻውን የያዘው ሰው ናቸው። ባለቤቱ ግን አንድ መውጫ አለው፦ «ብቁ ነው ብዬ በበቂ ምክንያት ላመንኩት ሰው ትቼው ነበር» ብሎ ካስረዳ ነፃ ሊወጣ ይችላል። ያ «ብቁ ሰው» እንግዲህ ገመዱን የያዝከው አንተ ነህ፤ ብቻህን ትቀራለህ።

ከ16 ዓመት በታች ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ውሻው የእናንተ ከሆነ ሕጉ የቤቱን ኃላፊም እንደ ባለቤት ይቆጥረዋል። ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር አባት፣ ልጁ ደብቆ ላስገባው ቡችላ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል ማለት ነው።

ለዚያ ወጣት ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። ረጅም ዝም አለና «ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። «አልችልም በለው፤ ከመጓዙ በፊትም ጠበቃ ያማክር» አልኩት። እንዲህ ያለ ውሻ ያለ ፈቃድ በእጁ የተገኘ ሰው ደብቆ ማሳደሩ ነገሩን ያብሰዋል። ፍርድ ቤት ውሻውንም ሰውየውንም መርምሮ፣ ለሕዝብ አያሰጋም ካለ በቅድመ ሁኔታ ሊመልስለት ይችላል፤ ካልሆነ ውሻው እንዲገደል ያዛል።

ጓደኛው ለሁለት ሳምንት ያህል ተቀይሞት ነበር። በኋላ ጉዞውን ሰርዞ ጠበቃ ዘንድ ሄደ።