ወንጀልና በሽታ አይምታቱብን



ከሮቤ እስከ አንገቱ ወጣቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ከመሳሳም አላለፍንም፤ ኤች አይ ቪ ይዞኝ ይሆን?» እንቅልፍ ያጣሉ፤ ሽፍታ ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ።

በእኔ እምነት እነዚህ ወንድሞች ወንጀልንና በሽታን ቀላቅለዋል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ በምራቅ ወይም በመተቃቀፍ አይደለም። ኸርፒስና አልፎ አልፎ ቂጥኝ ግን በአፍ ቁስል ሊተላለፉ ስለሚችሉ፣ ቁስል የወጣበት ይታይ።

ያለ ኮንዶም ግንኙነት የፈጸመ ሰውስ? ሳይዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ያማክር፤ ካስፈለገ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን ያልወሰደ፣ ሌላ አጋጣሚም የሌለው ሰው ከ3 ወር በኋላ ተመርምሮ ነጻ ከተባለ ነገሩ አበቃ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መመርመር ወስዋስን መቀለብ ነው።

እንግዲህ ለወንጀሉ ተውበት፣ ለበሽታው ምርመራ። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ የደም ምርመራ ኅሊናን አያጥብም፣ ተውበት ያደረገም ከምርመራ አይሽሽ። ነጻ ተብሎም ጭንቀቱ አልለቅ ያለው ሰው፣ ጭንቀቱ ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ሳያፍር ለሐኪም ይንገር።

ወላሁ አዕለም።